ባክትሪሙን አይዋጡት፤ ሜቶትሬክሴቱንም በራስዎ አያቁሙ

ጥያቄ፦ «የ53 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ነው ከተባልኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሐሙስ ሐሙስ 15 ሚሊግራም ሜቶትሬክሴት፣ በየቀኑ ደግሞ 10 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን እወስዳለሁ። ፎሊክ አሲዱንም አላቋርጥም። በዚህ ዓመት ሽንቴን ሦስት ጊዜ አቃጥሎኛል። ሁለቴ ከፋርማሲ ሲፕሮ ገዝቼ ዋጥኩ። በመሃል አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎኝ ሴፍትሪያክሶን ተወጋሁ። ሦስተኛው ውሃ አብዝቼ ስጠጣ ለቀቀኝ፤ አሁን አያቃጥለኝም። ቢሆንም ልረጋጋ ብዬ የሽንት ካልቸር ሳሠራ ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ሲፕሮም ሴፍትሪያክሶንም አይሠሩበትም ተባልኩ። ሰውነቴ መድኃኒት ለመደ ማለት ነው? ያመጣብኝ ሜቶትሬክሴቱ ይሆን? ላቁመው? ጎረቤቴ ‹ባክትሪም ግማሽ ግማሽ እየዋጥሽ ተከላከዪ› ብላ ሁለት ስትሪፕ ሰጥታኛለች። አዲስ አበባ ሄደሽ ጠንከር ያለ መድኃኒት ጀምሪ የሚሉኝም አሉ። የልጅ ልጆቼ አብረውኝ ስለሚኖሩ እንዳላስይዛቸውም ፈራሁ።»

ምላሽ፦ በባክትሪሙ ልጀምር፤ የሚያጣድፈው እሱ ነው። አይዋጡት። ግማሹንም፣ ሩቡንም። ባክትሪም፣ በሌላ ስሙ ኮትሪሞክሳዞል፣ ሁለት መድኃኒት በአንድ ፍሬ የያዘ ነው፤ ሰልፋሜቶክሳዞልና ትራይሜቶፕሪም። ሜቶትሬክሴት ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን ሥራ ይገታል። ትራይሜቶፕሪምም በዚያው መንገድ ላይ ይገባል። ሰልፋው ደግሞ ሜቶትሬክሴት በኩላሊት በኩል ከሰውነት እንዳይወጣ ያዘገየዋል። ሁለቱ ሲደራረቡ ደም የሚመረትበት መቅኔ ይመታል። ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፣ ፕላትሌት ይወርዳል፣ አፍ ይቆስላል፣ ትኩሳት ይነሳል። ሰው የሞተበት ጉዳይ ነው። በሳምንት አንዴ በሚወሰድ አነስተኛ የሜቶትሬክሴት መጠንም ደርሷል። ፎሊክ አሲድ እወስዳለሁ ብለውም አይተማመኑ፤ ከዚህ አያስጥልም።

ጎረቤትዎ ክፉ አስበው አይደለም። ባክትሪም ቫይረሱ በደማቸው ላለ ሰዎች መከላከያ ተብሎ በየቀኑ ሲሰጥ ብዙ ሰው አይቷል፤ ሐሳቡ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ለእነሱ በሐኪም ታስቦበት፣ በልኩ የሚሰጥ ነው። እርስዎ ግን ሜቶትሬክሴት ላይ ነዎት። ግማሽ ፍሬ መውሰድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን በተቀበለበት ንግግር ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፤ ባክቴሪያውን የማይገድል ትንሽ መጠን ባክቴሪያውን ያለማምደዋል ብሎ። ምናልባት ሳያውቁ ጥቂት ፍሬ ውጠው ከሆነ አሁኑኑ ያቁሙ፣ የሚመጣውን ሐሙስ ሜቶትሬክሴት አይውሰዱ፣ ሐሙስን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሄደው ሙሉ የደም ምርመራና የኩላሊት ምርመራ ያሠሩ።

ሰውነትዎ መድኃኒት አልለመደም። የለመደው ባክቴሪያው ነው። ነገ ሌላ ባክቴሪያ ቢይዝዎ ያው ሲፕሮ ሊሠራ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ በዕድሜው አንዲት አንቲባዮቲክ ያልቀመሰ ሰው መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ከምግብ፣ ከውሃ፣ ከሆስፒታል አልጋ ወይም ከሰው እጅ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ራስዎን አይውቀሱ። ፍርሃቱ ግን ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ እንደሞቱ ተገምቷል።

እርስዎ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሄደ መገመት አይከብድም። ኢ. ኮላይ የሁላችንም አንጀት ውስጥ ይኖራል። ሽንት የሚያቃጥለው ከዚያ ተነስቶ ወደ ፊኛ ሲገባ ነው። ሲፕሮ ሲዋጥ ፊኛ ውስጥ ያለውን ብቻ መርጦ አይመታም፤ አንጀት ውስጥ ያለውንም ያጥባል። ለመድኃኒቱ የሚሸነፈው ያልቃል፤ የማይሸነፈው ይተርፍና ሜዳው ለብቻው ይቀርለታል። ሁለተኛው ሲፕሮ ይህንኑ ደገመው። ከዚያ ሴፍትሪያክሶን ተጨመረ። የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ ሲከፍል ሲፕሮንም ሴፍትሪያክሶንንም «በጥንቃቄ» በሚባለው ውስጥ ነው ያስቀመጣቸው፤ ባክቴሪያን የማለማመድ አቅማቸው ከፍ ያለ ስለሆነ። እኛ ዘንድ ግን ሲፕሮ እንደ ፓራሲታሞል ነው የሚሸጠው።

ስለ ታይፎይዱም አንድ ነገር ልበል። ክሊኒኩ ያሠራልዎ ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ታይቶ «አለ» መባሉ በሽታውን አያረጋግጥም። ታይፎይድ በሚዘወተርበት አገር ከዓመታት በፊት የነበረ ንክኪም ምርመራውን «አለ» ያሰኘዋል። ሌላ በሽታም እንዲሁ። የሩማቶይድ ሕመምተኛ ደግሞ በሽታው ሲነሳ ትኩስ ትኩስ ይለዋል፣ ይደክመዋል፣ ምግብ አያሰኘውም። ይህን ይዞ ክሊኒክ ሲገባ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ በመርፌ ይወጣል። ያ ሴፍትሪያክሶን ባያስፈልግዎትም ኖሮ አይገርመኝም።

ሲፕሮን በተመለከተ ለእርስዎ ሁለት የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እርስዎ ስቴሮይድ ላይ ነዎት፤ ፕሬድኒሶሎኑ ማለቴ ነው። ሲፕሮና ስቴሮይድ አንድ ላይ ጅማትን ያዳክማሉ፤ በተለይ ከተረከዝ በላይ ያለውን ወፍራም ጅማት። በድንገት ሊበጠስም ይችላል። ሲፕሮ እየወሰዱ ተረከዝዎ አካባቢ ካመመዎ «ያው ሩማቶይዱ ነው» ብለው አይለፉት። ሁለተኛው ቲቢ ነው። የሲፕሮ ቤተሰብ መድኃኒቶች ቲቢን ሳያድኑ ለጊዜው ያደበዝዙታል፤ ምርመራው ይዘገያል። በሽታ የመከላከል አቅምን የሚጫን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁለት ሳምንት ካሳለው፣ ሌሊት ካላበው፣ ከከሳ፣ አንቲባዮቲክ ሳይሆን መጀመሪያ የአክታ ምርመራ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ሜቶትሬክሴቱ። ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው እሱን ነው፤ በስሙም በካንሰር መድኃኒትነቱም ይፈራል። ባክቴሪያን መድኃኒት የሚያለማምደው ግን ሜቶትሬክሴት አይደለም። ለኢንፌክሽን በማጋለጥም ቢሆን በዚህ መጠን ድርሻው አነስተኛ ነው። የእርስዎን ተጋላጭነት ከፍ የሚያደርጉት ሌሎች ሁለት ናቸው። አንዱ ራሱ ሩማቶይዱ ነው። በሽታው ሲነድ የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን በመውጋት ይጠመዳል፤ ለባክቴሪያ የሚገባውን ያህል አይቆምም። ሜቶትሬክሴት ሲቆም ያ እሳት ይመለሳል። ያኔ ደግሞ ስቴሮይድ ይጨመራል። ከመጋለጥ የሸሹ መስሎዎት ይበልጥ ይጋለጣሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው ያቺ ትንሽ የምትመስል ፕሬድኒሶሎን ናት። ስቴሮይድ ለኢንፌክሽን የሚያጋልጠው በመጠኑና በቆይታው ልክ ነው። በቀን 10 ሚሊግራም ለዓመታት መውሰድ ቀላል አይደለም። 5 እንኳ ለረጅም ጊዜ ሲሆን የራሱ ዋጋ አለው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ስቴሮይድ የግድ ካስፈለገ በአነስተኛ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ይሁን ያለው በከንቱ አይደለም። ችግሩ ይገባኛል። ፕሬድኒሶሎን ርካሽ ነው፣ በነጋታው ያነሳል፣ ጠዋት ጣት ያዘረጋል። ጀምሮ መተው ይከብዳል። በዚያ ላይ አንዳንድ ቦታ ለቁርጥማት ተብሎ ዴክሳና ዳይክሎ አንድ ላይ ይወጋል። ዴክሳም ስቴሮይድ ነው። እርስዎ በየወሩ እንዲህ ዓይነት መርፌ የሚወጉ ከሆነ ትክክለኛው መጠንዎ 10 ሚሊግራም አይደለም፤ ለሐኪምዎ ሳይደብቁ ይንገሩ።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አለ። ፕሬድኒሶሎንን በአንድ ቀን ማቋረጥ ክልክል ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ይተዋል። ድንገት ሲቆም፣ በተለይ ኢንፌክሽን እያለ፣ የደም ግፊት ወርዶ ሰው ራሱን ይስታል። የሚቀነሰው በሐኪም፣ ቀስ እየተባለ፣ በሳምንታትና በወራት ነው። ያ እንዲሳካ ደግሞ ሩማቶይዱን የሚይዝ ሌላ መድኃኒት በደንብ መሥራት አለበት፤ ምናልባት ሜቶትሬክሴቱ ከፍ ይላል፣ ምናልባት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ወይም ሰልፋሳላዚን ይታከላል። በነገራችን ላይ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለብዎ ሰልፋሳላዚን ከመጀመርዎ በፊት ያሳውቁ።

ሜቶትሬክሴት ፈጽሞ አይቆምም እያልኩ ግን አይደለም። ትኩሳት ያለው፣ አልጋ ላይ የሚጥል ወይም በደም ሥር መድኃኒት የሚያስፈልገው ኢንፌክሽን ሲመጣ ሐኪሙ እስኪሻልዎ ያስቆመዋል። አንድና ሁለት ሐሙስ ቢያልፍ ብዙ ጊዜ በሽታው ወዲያው አያገረሽም። ማስታወክና ተቅማጥ ካደረቀዎም እንዲሁ፤ ኩላሊት ሲደክም ሜቶትሬክሴት ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ለተራ ጉንፋንና ለቀላል የሽንት ማቃጠል ግን በራስዎ አያቁሙት።

የካልቸር ወረቀቱን አውጡና አብረን እንየው። በግራ በኩል የመድኃኒቶች ስም ተደርድሯል። በቀኝ ከየስማቸው ትይዩ አንድ የላቲን ፊደል አለ። «ኤስ» ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራበታል፤ «አር» ከሆነ አይሠራበትም፤ «አይ» ከሆነ መጠኑ ከፍ ሲል ሊሠራ ይችላል። አንዳንድ ወረቀት ላይ ቁጥርም አለ። ሰዎች ትንሹን ቁጥር ፈልገው «ይሄ ነው የሚበልጠው» ይላሉ። ስህተት ነው። የአንዱ መድኃኒት ቁጥር ከሌላው ጋር አይወዳደርም። ሴፍትሪያክሶን ላይ «አር» ሲሆን ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያው ይህን መድኃኒት የሚሰባብር ኢንዛይም አለው ማለት ነው። አሞክሳሲሊንን አይጠይቁት፤ በአፍ የሚዋጠው ሴፊክሲምም አይረዳዎትም። እነዚህ የመላመድ ባሕርያት ብዙ ጊዜ አንድ ባክቴሪያ ላይ አብረው ስለሚገኙ ሲፕሮን የለመደው ኮትሪሞክሳዞልንም የመልመዱ ዕድል ሰፊ ነው። የጎረቤትዎ ባክትሪም መቅኔዎን ጎድቶ ባክቴሪያውን ሳይነካው ሊቀር ይችል ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ዋናው መልስ ይኸው፦ ዛሬ ምንም አንቲባዮቲክ አያስፈልግዎትም። አያቃጥልዎትም፤ ትኩሳትም ሆነ የጎን ሕመም አልጠቀሱም። ምልክት ሳይኖር ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ በእርስዎ ዕድሜ ባሉ ሴቶች የተለመደ ነው። እርጉዝ ካልሆኑ ወይም የሽንት ቧንቧን የሚነካ ቀዶ ሕክምና ካልታሰበ አይታከምም። ቢታከም የባሰ የለመደ ባክቴሪያ ያመጣል እንጂ የሚቀጥለውን ማቃጠል አያስቀርም። ካልቸር የሚሠራው ሲያምዎ ነው፤ ከመድኃኒት በፊት። «ልረጋጋ» ተብሎ የሚሠራ ካልቸር አያረጋጋም፤ ይኸው አስደነገጥዎት። ወረቀቱን ግን አይጣሉት። ከመድኃኒት ካርድዎ ጋር ያኑሩት። የሚቀጥለው ሐኪም በመጀመሪያ ማየት ያለበት እሱን ነው።

እንደገና ካቃጠለዎትስ? ሽንቱን መጀመሪያ ትንሽ ለቀው መሃሉን በንጹሕ ዕቃ ይቀበሉና ላብራቶሪ ያስገቡ። ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። በመሃል ሐኪሙ በበፊቱ ወረቀት ተመርቶ ሊጀምርልዎ ይችላል። ፊኛ ላይ ለቀረ ኢንፌክሽን ኒትሮፉራንቶይን ብዙ ጊዜ አሁንም ይሠራል፤ ኩላሊትዎ ደህና መሆኑ ግን መታየት አለበት። ወደ ኩላሊት ወይም ወደ ደም ከገባ ነገሩ ይከብዳል። ሜሮፔኔምና አሚካሲን የመሳሰሉ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ያስፈልጋሉ፤ ውድ ናቸው፣ መተኛትም ይጠይቃሉ። አሚካሲን ኩላሊትን ስለሚጎዳ ዳይክሎፌናክ እየወሰዱ ከሆነ ይናገሩ። «ጠንከር ያለ መድኃኒት» የሚባለው ይኸው ነው፤ ሳያስፈልግ ቀድሞ የሚወሰድ አይደለም። ለካልቸር ሲሉም አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር መንገላታት የለብዎትም፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይሠራል።

ለምን ይመላለስብዎታል የሚለው ከመድኃኒቱ በላይ ያሳስበኛል። ጉልበታቸውና ዳሌያቸው የተያዘባቸው ሴቶች የሚነግሩኝ አንድ ነገር አለ። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ ስለሚያማቸው ሽንት ቤት መሄድን ይሸሻሉ። እንዳይሄዱ ውሃ ይቀንሳሉ። የመጣውንም ይይዛሉ። ክረምት ሲሆንማ፣ የጅማ ዝናብ እየወረደ፣ ጭቃ ረግጦ ጓሮ መውጣቱ ለማን ይጥማል? ባክቴሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ያልታጠበ፣ ቆሞ የቆየ ሽንት። መሃሉ የተበሳ የእንጨት ወንበር አናጢ ይሠራልዎታል፤ ጉድጓዱ ላይ ያስቀምጡት፣ ግድግዳው ላይም መያዣ ያስመቱ። ለእርስዎ ከአንድ ዙር ሲፕሮ ይሻላል። ሦስተኛው ማቃጠል በውሃ ብቻ እንደለቀቀዎትም አይርሱ። ስኳርዎን ያስለኩ፤ ፕሬድኒሶሎን ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ስኳር ደግሞ ለዚህ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። የወር አበባዎ ከቆመ በብልት የሚቀባ ኢስትሮጅን መመላለሱን ይቀንሳል፤ የማሕፀን ሐኪም ያማክሩ።

የልጅ ልጆችዎን አይሽሹ። ባክቴሪያው አንጀትዎ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ለጤነኛ ልጅ በአብዛኛው ምንም አያደርገውም። ከሽንት ቤት ሲወጡና ምግብ ሲነኩ እጅዎን በሳሙና መታጠብ ይበቃል። ማቀፍም አብሮ መብላትም አልተከለከለም።

ከሽንት ወጣ ያለ አንድ አደጋ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሩማቶይድ ሲነሳ ብዙ ጊዜ በርከት ያሉ መገጣጠሚያዎችን፣ ግራና ቀኙን ነው የሚይዘው። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ፣ ጉልበት እንበል፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ አብጦ፣ ግሎ፣ መርገጥ ካስከለከለ ውስጡ መግል ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ ነው፤ በተሰነጠቀ ተረከዝ፣ በዋግምት ወይም በብጣት በኩል ይገባል። ሕመም ያወጣል ተብሎ መገጣጠሚያ ላይ መብጣትና መተኮስ ለእርስዎ አይሆንም። ቁስል ላይ የካፕሱል ዱቄት መነስነስም እንዲሁ፤ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ያበጠው መገጣጠሚያ ፈሳሹ በመርፌ ተቀድቶ መመርመር አለበት፤ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት። ሳይመረመር ዴክሳ ከተወጋበት መገጣጠሚያው ይበላል።

ትኩሳትን ብቻ አይጠብቁ። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ይደብቃል። የደም ምርመራም ያሳስታል፤ ፕሬድኒሶሎን በራሱ ነጭ የደም ሴልን ከፍ ያደርጋል፣ ሩማቶይዱ ደግሞ ኢኤስአር የሚባለውን የብግነት መለኪያ። «ነጭ ደም ሴልሽ ጨምሯል፣ ኢንፌክሽን አለ» ተብለው ብቻ አንቲባዮቲክ አይቀበሉ፤ ስቴሮይድ እንደሚወስዱ ያስታውሷቸው።

የምመክርዎ ቁርጥ ያለ ነው። ባክትሪሙን ለፋርማሲ ይመልሱ። ካርድዎ ላይ «ሜቶትሬክሴት ትወስዳለች፤ ኮትሪሞክሳዞል አይሰጥ» ተብሎ በጉልህ ይጻፍልዎ። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከእንግዲህ አይግዙ። በዚህ ወር ውስጥ የሩማቶይድ ክትትል ወደሚያደርጉበት ሄደው አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፤ ፕሬድኒሶሎኔን እንዴት እንቀንሰው? ሙሉ የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራውንም በዚያው ያሠሩ። የሳንባ ምችና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሚገኝ ከሆነ ይውሰዱ፤ ሕያው ክትባት የሚባሉትን፣ የተዳከመ ሕያው ጀርም የያዙትን ማለት ነው፣ ግን ሐኪምዎ ሳይፈቅድ አይከተቡ። ብርድ ብርድ ብሎ ካንቀጠቀጠዎ፣ ጎንዎን ከወጋዎ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ አፍዎ ከቆሰለ ወይም ያለ ምክንያት ሰውነትዎ ከጠቆረና ከበለዘ ሐሙስም ሆነ እሑድ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት፣ ባጃጅ ይዘው በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ፤ የካልቸር ወረቀቱንና የሚውጧቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይዘው።